አባቴ «ገባኝ» ብለው ከሆስፒታል ወጡ፤ መድኃኒታቸውን ግን አላወቁትም

ጥያቄ፦ የ76 ዓመት አዛውንት የሆኑት አባቴ በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝተው ታክመው ሰሞኑን ወጥተዋል። በመውጫቸው ዕለት ስለ መድኃኒቶቹ በችኮላ ተነገረን፤ እሳቸውም «ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ቤት ስንደርስ ግን የትኛው መቼ እንደሚወሰድ አላወቁም፤ ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አባትዎን እንኳን ለቤታቸው አበቃቸው። ብዙ አረጋውያን ሐኪምን ከማክበራቸው የተነሳ «አልገባኝም» ማለትን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል፤ በዚያ ላይ ሕመሙ፣ የእንቅልፍ እጦቱና ወደ ቤት የመሄድ ጉጉቱ ሲደራረቡ በዚያ ዕለት የተነገረው አብዛኛው ይረሳል። ስለዚህ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። «አባባ፣ ነገ ጠዋት የሚወስዱት የትኛውን ነው? ለምንስ ነው?» ብሎ በራሳቸው አንደበት እንዲያስረዱ ማድረግ ግን ያልተረዱትን ወዲያው ያሳያል። ይህ የእኛ የባለሙያዎቹ ግዴታ ነው፤ ካልተደረገ ግን እርስዎ ሊጠይቁ ይገባል።

አሁን፣ ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ቀድሞ ቤት የነበረውንም አዲስ የታዘዘውንም መድኃኒት በሙሉ ከነወረቀቱ ይዘው ከአባትዎ ጋር ወደ ታከሙበት ክፍል ወይም ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ይሂዱ። ላሲክስና ፉሮሴማይድ የሚባሉት አንድ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት መሆናቸውን ባለማወቅ ሁለቱንም የሚወስዱ ሰዎች ያጋጥሙናል፤ በዚህም ሰውነታቸው ፈሳሽ አጥቶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። በየማሸጊያው ላይ የሚወሰድበት ሰዓት በአማርኛ ይጻፍላችሁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት የተባለው በእኛ 2 ሰዓት ስለሆነ፣ ይህን ሳይለዩ መድኃኒቱን ከሰዓት በኋላ የሚሰጡ ቤተሰቦች አሉ። የቀጠሮውም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን።

ሲነጋገሩ ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ መነጽራቸውን ያድርጉላቸው፣ ፊት ለፊት ሆነው ዝግ ብለው ይናገሩ፤ ጆሮ ሲደክም ጩኸት ድምፁን ከማዛባት በቀር አይረዳም። ባለሙያውም አስታማሚውን ብቻ እያየ እንዳይናገር፣ አባትዎን ራሳቸውን እንዲያነጋግር በትሕትና ይጠይቁ። የሚጾሙ ወይም ጸበል የሚጠጡ ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና የሚጠጡትን የውኃ መጠን ከዚያ ጋር ሊያስተካክል የሚችለው ካወቀ ብቻ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የልብ ድካምን ስለሚያባብሱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙላቸው።

ጠዋት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዝኗቸው። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ወይም እግራቸው ካበጠ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪም ያሳዩአቸው፤ ተኝተው መተንፈስ ካቃታቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።