ጥያቄና መልስ፦ ተለዋጭ ዘይቤን ከሰምና ወርቅ በምን እንለያለን?

ጥያቄ፦ ግጥም ሳነብ ተለዋጭ ዘይቤና ሰምና ወርቅ ይምታቱብኛል። ቀለም ስቆጥርም እኩል መሆን ያለባቸው ስንኞች አንዱ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ይመጣብኛል። የምሳሳተው የት ላይ ነው?

መልስ፦ ከቀለሙ ልጀምር። የሚቆጥሩት ፊደል ይመስለኛል፤ ቀለም ግን በንባብ ባንድ ጊዜ የሚሰማ የድምፅ ክፍል ነውና የሚቆጠረው በጆሮ ነው። ለዚህ መልስ ያሰናኘኋቸውን ሁለት ስንኞች ጮክ ብለው ያንብቧቸው፦

ቀትሩ ሲበረታ፣ መጠለያ ሳጣ፣
ጥላ ሄደች ዛሬ፣ እንግዲህ ምን ላምጣ።

«እንግዲህ ምን ላምጣ» በፊደል 10፣ በቀለም 6 ነው፦ እን-ግ-ዲህ-ምን-ላም-ጣ። ልዩነቱን ያመጣው ሳድስ፣ ማለትም ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ (እንደ «ም»፣ «ን»)፣ ነው። አናባቢው የማይሰማ ሳድስ፣ ለምሳሌ በ«ላምጣ» ውስጥ ያለው «ም»፣ ከቀደመው ፊደል ጋር ተጣብቆ አንድ ቀለም ይሆናል። አናባቢው የሚሰማው ሳድስ፣ እንደ «ግ» ያለው፣ ራሱን ችሎ ይቆጠራል። እንዲህ ሲቆጥሩ አራቱም ሐረጎች (የስንኞቹ ግማሾች) 6፣ 6 ይወጣሉ፤ የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ይህ ነው። ቡሄ በሉ የሚባለው ምጣኔ ደግሞ 4፣ 4 ነው።

ቤት መምታቱም የጆሮ ጉዳይ ነው። «ሳጣ» እና «ላምጣ» በ«ጣ» ስለሚያልቁ ችግር የለም። ስንኙ በሳድስ ሲያልቅ ግን ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለውን አናባቢም ያዳምጡ፦ «ሴት» ከ«ቤት» ጋር አጥብቆ ይመታል፤ ከ«ወጣት» ጋር ግን ይላላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ፍቺው ራቅ ያለበትን ስንኝ ሁሉ ሰምና ወርቅ ይለዋል፤ መምታታቱም ከዚያ ይመጣል። ሰምና ወርቅ እንዲኖር ሁለት ፍቺ የሚሸከም ኅብረ ቃል ያስፈልጋል፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ ሰም፣ የተደበቀው ወርቅ ይባላል። ከላይ ባለው ግጥም ኅብረ ቃሉ «ጥላ» ነው። ሰሙ፦ ፀሐይ በጠናበት ሰዓት የዛፍ ወይም የቤት ጥላ ከቦታው ዞረ። ወርቁ፦ የምወዳት ሴት እኔን ጥላ፣ ትታኝ ሄደች። «ሄደች» ለሁለቱም ንባብ እንዲስማማ ጥላውም በሴት ጾታ ተጠርቷል።

አሁን ቃሉን በተመሳሳዩ ይለውጡት። «ትታ ሄደች» ቢሉ የፀሐዩ ጥላ ወዲያው ይጠፋል። «እናቴ ጥላዬ ናት» የሚለው ግን አንዱን ነገር ሌላ ነው የሚል ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ «እናቴ መጠለያዬ ናት» ቢሉት ሐሳቡ አይፈርስም። ተለዋጭ ዘይቤ የሚቆመው በነገሮቹ መመሳሰል ነው፤ ኅብረ ቃል ደግሞ በዚያ ቃል ድምፅና ቅርጽ ላይ ብቻ። ይህን ፈተና አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ የሚያሳስትዎ ከስንት አንዴ ነው። ሌሎቹ ዘይቤዎች እምብዛም አያስቸግሩም፦ «እንደ» ወይም «ይመስላል» ካለ ተነጻጻሪ፣ ግዑዙ እንደ ሰው ካለቀሰ ወይም ከሳቀ ሰውኛ፣ በቦታው የሌለን ወይም የማይሰማን ነገር በቀጥታ ካናገረ እንቶኔ ነው።

ኅብረ ቃል ሲፈልጉ ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን እንደማያሳይ አይርሱ። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። «ዋና» ላልቶ በውኃ ላይ የሚዋኙት ነው፤ ጠብቆ ደግሞ «ዐቢይ» ነው። ስለዚህ የተጠራጠሩትን ቃል አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው ያንብቡ፤ ከዚያም ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋር ቆርጠውም ቀጥለውም ይሞክሩ። ሁለተኛው ንባብ በሰዋስው ካልቆመ ወይም ከስንኙ ሐሳብ ጋር ካልገጠመ ወርቅ አይበሉት።