ማስታገሻው ከተሰጠ በኋላስ?

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል ኃላፊ ነርስ ነኝ። አዲስ ተመርቀው የሚመደቡልን ነርሶች ስለ ሕመም ማስታገሻ ሲጠየቁ አንድም ሳያስቀሩ ይመልሳሉ፤ ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ ግን ሞርፊን የታዘዘለት ታካሚ እያቃሰተ መድኃኒቱን ለመስጠት ያመነታሉ። የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥተናቸው ብዙም ለውጥ አላየንም። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ከጥያቄዎ እንደምንረዳው ነርሶቹን የያዛቸው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን ፍርሃት ነው። ሞርፊን ከመጠን ሲያልፍ አተነፋፈስን ስለሚያዳክም ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም ትንፋሽ ከመዳከሙ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ድብታ ስለሚቀድም፣ የድብታን ደረጃ መለየትን፣ ትንፋሽን አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠርንና የሞርፊንን ውጤት የሚቀለብሰውን መድኃኒት የናሎክሶንን አሰጣጥ ደጋግሞ የተለማመደ ነርስ እጁ አይንቀጠቀጥም። ለጥቂት ቀናት ለቁስል ሕመም ሞርፊን መውሰድና ሱሰኛ መሆን አንድ እንዳልሆኑም በግልጽ ይነገራቸው።

ሥልጠናውን ከአዳራሽ አውጥተው ወደ ታካሚው አልጋ ቢወስዱት እንመክራለን። ተጋድሞ ሳለ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ «2» ያለ ታካሚ፣ ቁስሉን በትራስ ደግፎ እንዲያስል ሲደረግ «8» ሊል ይችላል፤ በሕመም ምክንያት ማሳልና መነሣት ያቃተው ሰው ደግሞ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ነርስ ታካሚውን ሳያንቀሳቅስ ቁጥር ጽፎ አያልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው፣ ከቀላል ማስታገሻ ተነሥቶ ወደ ጠንካራው የሚወጣው ባለ ሦስት እርከን የሕመም ማስታገሻ መሰላልም ለካንሰር ሕመም የታሰበ ነበርና (ይህ በየሥልጠናው ይዘነጋል)፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣን ሰው ከታችኛው እርከን እያስጀመሩ ማስጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ነባር ነርሶች «ትንሽ ቻል ያድርገው» ሲሉ አዲሶቹ የሚማሩት ይህንኑ ስለሆነ፣ አብሯቸው የሚመደበውን አሠልጣኝ በጥንቃቄ ይምረጡ።

ከሁሉ በላይ ግን የታካሚዎችን ካርድ ይመልከቱ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «ሕመም 7፣ ሞርፊን ተሰጥቷል» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ እስከ ንጋት ባዶ የሆነ ካርድ ሳያገኙ አይቀሩም። በደም ሥር ከተሰጠ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በአፍ ከተሰጠ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ተመልሶ መጠየቅና ሁለተኛውን ቁጥር መጻፍ የሥልጠናው ዋና ልምምድ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሠልጣኙ አብሮ ይመለስ፤ ቁጥሩ ካልወረደም ሐኪሙን በዚያው ሌሊት መጥራትን ያለማምዳቸው።