ጎመኑን እንንቀለው ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ደቡብ ለንደን ነው። ከሕንፃችን ጀርባ ሰው ቆሻሻ ሲጥልበት የኖረ ክፍት ቦታ ነበር። ካውንስሉን (የአካባቢውን አስተዳደር) አስፈቅደን፣ ሰባት ቤተሰብ ሆነን ማልማት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። አራታችን ሐበሾች ነን። ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት አለን። አንዲት የጃማይካ ሴትዮ ደግሞ ዱባ ትተክላለች። ሰሞኑን አንዱ ጎረቤታችን «ለንደን ኢን ብሉም» ለሚባለው ሽልማት እንመዝገብ አለ። ሁላችንም ደስ አለን። ግን ከእኛው መካከል አንዷ «ዳኛ ሲመጣ ጎመን ያሳፍረናል። ነቅለን ከሱቅ አበባ ገዝተን እንትከል» አለች። እኔ ልቤ እሺ አላለኝም። ሽልማቱ ምንድን ነው? ጎመኑስ ይነቀል ወይ?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ አትንቀሉት። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን፤ ይህን ግን ዛሬውኑ ለጓደኛሽ ንገሪያት።

እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። እኛም ሰሜን ለንደን ውስጥ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ትንሽ የጋራ አትክልት ቦታ አለን። በ2022 ለዚሁ ሽልማት ስንመዘገብ ጎመኑን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። ከሰው ያዋጣነውን ብር በሙሉ ፔቱንያና ቤጎንያ የሚባሉ አበቦች ገዛሁበት። የሚንጠለጠሉ የአበባ ቅርጫቶችም ገዛን። ያ ጁላይ ምን ዓይነት እንደነበር ታስታውሻለሽ። በ19ኛው ቀን እንግሊዝ ውስጥ 40.3 ዲግሪ ተመዘገበ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሙቀት ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። ቅርጫቶቹን ጠዋት ውሃ እናጠጣቸዋለን፣ ከሰዓት በኋላ ክው ብለው እናገኛቸዋለን። አንዲት ጎረቤቴ በባልዲ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስትመላለስ ያየሁት አሁንም ያሳዝነኛል።

ዳኛዋ መጣች። በቅርጫቶቹ በኩል ዝም ብላ አለፈች። ጥግ ላይ፣ ከዝናብ ውሃ በርሜሉ ጀርባ፣ ሳናየው ያመለጠን አንድ ጎመን ነበር። አብቦ ከወገቤ በላይ ደርሷል። ቢጫ አበባው ላይ ንቦች ይርመሰመሳሉ። እዚያ ስትደርስ ተንበረከከች። ቅጠሉን ገለበጠች፣ ሥሩ ያለውን አፈር በጣቷ ቆፈር አድርጋ አየች። «ይሄ ምንድን ነው? ዘሩ ከየት መጣ?» አለችኝ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ቡና አፍልታ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበርና አንድ ዘለላ ጤና አዳም ስኒ ውስጥ ጣል አድርጋ ሰጠቻት። ዳኛዋ እየጠጣች ማስታወሻዋ ላይ ብዙ ጻፈች። ፔቱንያው ላይ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም።

ነገሩ ለምን እንደዚህ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ውድድሩ መጀመሪያ የአበባ ነበር። ሮይ ሄይ የሚባል የአትክልት ጋዜጠኛ ፈረንሳይ ሄዶ ከተሞችና መንደሮች በአበባ ሲወዳደሩ አየ። ሐሳቡን ይዞ ተመለሰ፣ በ1964 «ብሪትን ኢን ብሉም» የሚባለው አገር አቀፍ ውድድር ተጀመረ። የያኔው ዓላማ ቱሪስት መሳብ ነበር። ከ2002 ጀምሮ የሚመራው ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የሚባለው የአትክልተኞች ማኅበር ነው። አሁን ዳኛ ሦስት ነገር ያያል፤ የአትክልት ሥራው እንዴት ነው፣ ለተፈጥሮና ለአካባቢ ምን ተደረገ፣ የሰፈሩ ሰው ምን ያህል ገባበት። ለንደን ኢን ብሉም የዚሁ የለንደን ክፍል ነው። ሌሎቹ የአገሪቱ ክፍሎችም የየራሳቸው አላቸው። በየክልሉ ብልጫ ያገኙት ወደ አገር አቀፉ ያልፋሉ።

እናንተ ግን ከተማ ከከተማ በሚፎካከርበት ውስጥ አትግቡ። እንደ እናንተ ላለ ትንሽ ቡድን የተዘጋጀ ሌላ ዘርፍ አለ። «ኢትስ ዮር ኔበርሁድ» ይሉታል፤ «ሰፈራችሁ እኮ ነው» እንደማለት። እዚህ ውስጥ ከማንም ጋር አትፎካከሩም። ገምጋሚ መጥቶ ያያችኋል፣ ያነጋግራችኋል፣ የደረሳችሁበትን ደረጃ ይሰጣችኋል። ደረጃው አምስት ነው፤ ገና ከሚቋቋም ይጀምርና እጅግ የላቀ እስከሚባለው ይሄዳል። የት እንደጎደላችሁም ይነግሯችኋል። እኔ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የወደድኩት ይህን ምክር ነው። በዚህ ዘርፍ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የሰው ተሳትፎ ነው። ሰባት ቤተሰብ፣ ያውም ከሁለት ሦስት አገር፣ አንድ ቆሻሻ መጣያ ላይ ተገናኝቶ ጎመንና ዱባ ሲያበቅል ገምጋሚ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ንቧን ደግሞ አትርሺ። እዚህ አገር ከ1930ዎቹ ወዲህ የዱር አበባ ሜዳ 97 በመቶው ጠፍቷል። ስለዚህ ለንብ የሚሆን ነገር ያለው ግቢ በጣም ይፈለጋል። ጎመንን ሁልጊዜ ቀንጥበን ስለምንበላው አበባውን አናየውም እንጂ ንብ ትወደዋለች። ጓደኛሽ አበባ ካማራት አትከልክያት። ግን ቢደንስ የሚባለውን ቢጫ አበባ ትግዛ። የአደይ አበባ ዘመድ ነው፤ እዚህ በየአትክልት መደብሩ ይሸጣል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቆሜ ቀረሁ፣ መስከረም መሰለኝ።

አሁን ደግሞ መጠንቀቅ ያለባችሁን ልንገርሽ። ጤና አዳሙ መንገድ ዳር ከሆነ አንሱት። ልጆች አሉሽ። ፀሐይ ባለበት ቀን ጭማቂው ቆዳ ላይ ካረፈ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ስትገርዙት ጓንት አድርጉ። ኮሰረቱ ውርጭ አይችልም፣ በማሰሮ አድርጋችሁ ክረምቱን ቤት አስገቡት። ቦታው ቆሻሻ መጣያ ነበር ስላልሽኝ ደግሞ የምትበሉትን ነገር በቀጥታ እዚያ አፈር ላይ አትዝሩ። የከተማ አፈር ውስጥ ከድሮ ቀለም የመጣ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ጣውላ ገጥማችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ ንጹሕ አፈር ሙሉበት። አፈር ስትገዙ ፒት የሌለበት መሆኑን ከረጢቱ ላይ እዩ። ፒት የበሰበሰ ዕፅዋት ነው፤ የሚቆፈረውም ካርቦን አምቆ ከያዘ ረግረግ ነው፤ ዳኞች ይህን ይጠይቃሉ።

ቦታው ከመልማቱ በፊት የነበረውን ፎቶ ፈልጉ፣ አንድ ሰው ስልክ ውስጥ አይጠፋም። የካውንስሉ የፈቃድ ደብዳቤ አጠገባችሁ ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ማን ለሥራ እንደወጣ በተራ ደብተር ላይ ጻፉ። እኛ ይህን ሳናደርግ ቀርተን፣ አንድ ቅዳሜ እንኳ ከሥራ የማትቀር እናት ስሟ ሳይነሳ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዳኞች የሚዞሩት በጋ ላይ፣ በተለይ ጁላይ ነው። ማርች መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጎመን ለብቻ ዝሩና ሳትቀነጥቡ ተዉት፣ እነሱ ሲደርሱ አብቦ ይጠብቃቸዋል። ጀበናውን ማን ይዞ እንደሚወርድ ግን ከአሁኑ ተነጋገሩ።