ስለ ዶሊ ማዲሰን ለጠየቅሽው፦ ከሥዕሉ አትጀምሩ

እህቴ፣ ልጅሽ ለታሪክ ፕሮጀክት ዶሊ ማዲሰን ደርሳት «የጆርጅ ዋሽንግተንን ሥዕል ከእሳት አዳነች ከሚለው በቀር የምንጽፈው አጣን» ብለሻል። የኔም ልጅ ዓምና የደረሰቻት ይህችው ሴት ናት። እኛ የተንከራተትነውን እናንተ እንዳትንከራተቱ ልንገርሽ። የአሜሪካ አራተኛው ፕሬዚዳንት የጄምስ ማዲሰን ሚስት መሆኗን፣ የት እንደተወለደች ምናምን እዘለዋለሁ፤ እሱን የትም ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

1. ከሥዕሉ አትጀምሩ። ሁሉም ልጅ ከዚያ ስለሚጀምር የውድድሩ ዳኞች ሰልችቷቸዋል። ከፊላደልፊያ ጀምሩ። በ1793 ከተማዋን ቢጫ ወባ ሲፈጃት ዶሊ የመጀመሪያ ባሏንና ጨቅላ ልጇን በአንድ ቀን አጣች። ገና 25 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ማዲሰንን አገባች። በ17 ዓመት ይበልጣታል። እሱ እንደሷ የኩዌከር (ቀላል ኑሮን የሚሰብክ የክርስትና ወገን) እምነት ተከታይ ስላልነበረም የገዛ ጉባኤዋ አባረራት። ጌጥ እንደ ነውር በሚታይበት ቤት ያደገች ሴት ናት ኋላ በጥምጣምና በላባ አጊጣ የዋሽንግተን ከተማን ሰው ሁሉ ስለሷ ያነጋገረችው።

2. ዋናው ነገር ረቡዕ ማታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጻፉ። ማዲሰን በ1809 ሥልጣን ሲይዝ ዋሽንግተን ጭቃዋ ያልደረቀ ከተማ ነበረች። አብዛኞቹ የኮንግረስ አባላት ሚስቶቻቸውን አገር ቤት ትተው በኪራይ ቤት ነው የሚያድሩት፤ ያውም ከየፓርቲያቸው ሰው ጋር ተሰባስበው። የያኔዎቹ ሁለት ፓርቲዎች፣ ፌደራሊስቱና ሪፐብሊካኑ፣ ምክር ቤት ውስጥ ተሰዳድበው ይወጣሉ። ከዚያ ውጭ ተገናኝተው የሚጨዋወቱበት ቦታ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ዶሊ በየረቡዕ ማታ የፕሬዚዳንቱን ቤት ከፈተችላቸው። ለየሰው የጥሪ ወረቀት የለም። ወዳጁም ባላንጣውም፣ ዲፕሎማቱም ባለሥልጣኑም ከነሚስቱ ይመጣል። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ መላወሻ አይገኝም ነበር። ባሏ አጭር፣ ብዙ ሰው ፊት ዝም የሚል ሰው ነው። እሷ ግን የሰው ስምና ጉዳይ አትረሳም። እየተዘዋወረች ይህን ከዚያ ታገናኛለች። ሹመት ፈላጊውም ለሷ ደብዳቤ ይጽፋል። እኛ ደጅ ጥናትና የግብር አዳራሽ ምን ሥራ እንደሚሠሩ እናውቃለን። ለልጄ በዚያ ነው ያስረዳኋት፣ ወዲያው ገባት። ሴት ድምፅ በማትሰጥበት፣ ሹመት በማታገኝበት ዘመን ብዙ የፖለቲካ ነገር እሷ ሳሎን ውስጥ ያልቅ ነበር። ተጽዕኖዋ ከየት መጣ ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ለኔ ከሥዕሉ እጅግ ይበልጣል።

3. ደብዳቤውን ፍለጋ ከሥራ አትቅሪ። እንግሊዞች በጦርነት ኦገስት 24 ቀን 1814 ከተማዋ ገብተው የፕሬዚዳንቱን ቤት ባቃጠሉበት ቀን፣ ዶሊ የመድፉን ድምፅ እየሰማች ለእህቷ የጻፈችው የሚባል ደብዳቤ አለ። ልጄ ዋናውን በዓይኔ ካላየሁ አለች። ከሥራ ቀረሁ፣ ለፓርኪንግ ከፈልኩ፣ ደብዳቤው አለበት ወደተባለ ቤተ መዛግብት ይዣት ሄድኩ። የቤቱን ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳን አላየችንም። «ልጅ አይገባም» አለች። ድረ ገጻችሁ ላይ እንዲህ አይልም ስላት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቃል በቃል እየለያየች ደገመችልኝ። እንግሊዝኛ የማልሰማ መስያት ነው። ልጄ አጠገቤ ቆማ! እስካሁን ያንገበግበኛል። ተከትሎን የወጣ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ነው ነገሩን ያስረዳን። ለእህቷ የተላከው ዋናው ደብዳቤ የለም። ያለው ዶሊ ራሷ ከዓመታት በኋላ ገልብጣ የጻፈችው ነው። ጽሑፉም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። ይህን በስልክ ስጠይቅ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ልጄ ግን ከዚያ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ደብዳቤው በኋላ የተገለበጠ ከሆነ ሌላ ምስክር ማን አለ ብላ ፖል ጄኒንግስን አገኘችው። በማዲሰኖች ቤት በባርነት ያደገ፣ በዚያ ቀን የ15 ዓመት ልጅ የነበረ፣ የእራቱን ጠረጴዛ ያሰናዳ ሰው ነው። በ1865 በታተመው ትዝታው ዶሊ ሥዕሉን ይዛ ሸሸች የሚባለው ሐሰት ነው ይላል። ለማውረድ መሰላል ያስፈልግ ነበር፤ ያወረዱት ፈረንሳዊው በር ጠባቂና አትክልተኛው ናቸው። ዶሊም በደብዳቤዋ ክፈፉ እንዲሰበር አዘዝኩ ነው የምትለው። ትእዛዙ የሷ ነው፤ መሰላሉ ላይ የወጡት ሌሎች ናቸው።

በውድድሩ ቀን አንድ ዳኛ «ስለ ፕሬዚዳንት ሚስት እያወራሽ ባሪያውን ምን አመጣው?» አላት። ልጄ ቀጥ ብላ ቆማ መለሰችለት። ዶሊ ነጻ እንደምታወጣው በኑዛዜዋ ጽፋ ነበር፣ ግን ሸጠችው አለችው። ኋላ ሴናተር ዳንኤል ዌብስተር ነጻ እንዲወጣ ብሎ በ1847 ከገዢው ላይ በ120 ዶላር ገዛው፤ ጄኒንግስ በወር 8 ዶላር እየሠራ ዕዳውን ከፈለ። ዶሊ በተረፈላት ልጇ ቁማርና ዕዳ ደህይታ በ1844 የማዲሰኖችን የእርሻ ርስት ሞንትፐሊየርን እስከ መሸጥ ደርሳለች። ለዚች ሴት አንዳንዴ ምግብ የሚያደርስላት፣ ከኪሱ ገንዘብ የሚሰጣት ያው ጄኒንግስ ነበር። ዳኛው «ከርዕስ ወጥታለች» ብሎ ነጥብ ቀነሰባት። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ሙሉ ሰጧት። ወደሚቀጥለው ዙር አለፈች! ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ልነግርሽ አልችልም።

ቦታ ለማየት ከሆነ ከላፋዬት አደባባይ ጀምሩ። በመጨረሻ ዘመኗ የኖረችበት፣ በ1849 የሞተችበት ቤት ማዲሰን ፕሌስና ኤች ስትሪት መገናኛ ላይ ቆሟል። ከውጭ ማየት ይበቃል። ከዚያ በእግራችሁ ወደ ኦክታጎን ሃውስ ሂዱ፤ ከቃጠሎው በኋላ ዶሊና ባሏ የተጠለሉበት ቤት ነው። ሞንትፐሊየር ቨርጂኒያ ነው፣ ጠዋት ተነሥታችሁ ውጡ። ምድር ቤቱ ውስጥ በዚያ በባርነት ስለኖሩት ሰዎች የተዘጋጀ ትርኢት አለ። ልጅሽ ደብተርና እርሳስ ይዛ እዚያ ትቆይ፤ ላይኛውን ፎቅ ብትቸኩሉበትም ግድ የለም።