የዓመቱ ኳስ በደብተር፦ ከጎንደር ደጋፊዎች የመጡ ጥያቄዎች

ሊጉ ተጠናቆ የሰፈር የክረምት ውድድር ሲጀመር የደጋፊው ወሬ ሁሉ ያለፈው ዓመት ይሆናል። ማን ስንት አገባ፣ ነጥቡ የት ላይ አመለጠ፣ ኮከቡ ማን ነበር? በዚህ ዕትም ለመልስ የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከዚህ ወሬ የተነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ የአፄዎቹን (የፋሲል ከነማን) ጨዋታ አንድም አያመልጠኝም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ቡና ላይ የሚቀረን ክርክር ብቻ ነው። አንዱ «አቻ ወጥተናል» ሲል ሌላው «አሸንፈናል» ይላል። ለሚቀጥለው ዓመት ደብተር ልይዝ አስቤያለሁ፤ ከምን ልጀምር? (ከማራኪ)

መልስ፦ ባለ 50 ሉክ ደብተር አንድ ዓመት ይበቃል። 16 ቡድን ባለበት ሊግ አንድ ቡድን 30 ጨዋታ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ፊት ለፊት የሚገጥሙ ሁለት ገጾች ቢይዙ 60 ገጽ ይሄዳል። የተረፈው 40 ገጽ ለዋንጫ ጨዋታ፣ ለወዳጅነት ጨዋታና ለተጫዋቾች ዝርዝር ይሆናል።

የግራው ገጽ ጨዋታው ሳይጀመር የሚሞላ ነው፦ ቀን፣ ስንተኛ ሳምንት እንደሆነ፣ ከተማና ሜዳ፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ የሁለቱ ቡድኖች 11 ቋሚ ተሰላፊዎችና ተጠባባቂዎች ከነቁጥራቸው። የቀኙ ገጽ የደቂቃ ነው። ከላይ ወደ ታች የሆነውን ብቻ ይጻፉበት፤ ለምሳሌ «23 ጎ 10 (7)» ማለት በ23ኛው ደቂቃ 10 ቁጥር አገባ፣ ያቀበለው 7 ቁጥር ነው። «45+2 ቢ 4» ቢጫ ካርድ ነው። ቅያሪን «ቅ» ብለው አያሳጥሩት፤ በችኮላ ሲጻፍ ከቀይ ካርዱ «ቀ» ጋር ይመሳሰልና ከወራት በኋላ ተቀይሮ የወጣው ልጅ በቀይ የተባረረ ይመስላል። ለቅያሪ ቀስት ይሥሩ፦ «63 10→17»።

ደቂቃ አያያዝ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። የመጀመሪያው በሰዓት መቁጠሪያው ላይ 22፡15 ሲል የገባን ግብ «በ22ኛው ደቂቃ» ብሎ መጻፍ ነው። 22 ደቂቃ ሞልቶ ስላለፈ የገባው በ23ኛው ደቂቃ ነው። ጨዋታው በተጀመረ በ40 ሰከንድ የገባም የ1ኛ ደቂቃ ግብ እንጂ የዜሮ አይደለም። ሁለተኛው ስልኩን ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ሳያቆሙ መተው ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ 3 ደቂቃ ተጨምሮበት፣ ዕረፍቱም 15 ደቂቃ ከወሰደ፣ ከዕረፍት በኋላ ያለው ሁሉ በ18 ደቂቃ ይዛባል። በዕረፍት ሰዓት ያቁሙትና ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ከዜሮ ይነሡ፤ የሚታየው ላይ 45 ይደምሩ።

በሜዳ በእርሳስ፣ ማታ በእስክሪብቶ ይጻፉ። እርሳስ ካፊያ አያጠፋውም፤ ጥቂት የዝናብ ጠብታ ግን አንዳንዱን ቀለም ጠቅላላ ያፈሰዋል። ማታ ሲገለብጡ ቅያሪዎቹን በተለይ ይቁጠሩ፦ አምስት ተጫዋች መቀየር በሚፈቀድበት ውድድር ቡድኑ ጨዋታውን ማቋረጥ የሚችለው ሦስት ጊዜ ነው፤ በዕረፍት ሰዓት የሚደረገው ከሦስቱ አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ልጅ አንድ ላይ ይገባል፤ ማን በማን ቦታ እንደገባ የሚጠፋውም ያኔ ነው።

በገጹ ግርጌ ሦስት መስመር ለራስዎ አስተያየት ይተዉ፤ ከዚያ አያሳልፉት። «ፔናሊቲ ነበር፣ ዳኛው ከለከለን» የሚለው ቦታው እዚያ ነው። ከላይ ባለው ዝርዝር ውስጥ ዳኛው የወሰነው ብቻ ይግባ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ደብተሩ ከቡናው ክርክር በምንም አይሻልም።

ጥያቄ፦ ጨዋታው ሌላ ከተማ ስለሆነ በቴሌቪዥን ወይም በሬዲዮ ነው የምከታተለው። በዚህ መዝገብ መያዝ ይቻላል? «በሜዳችን»ና «ከሜዳ ውጪ» የሚለውንስ እንዴት ልጻፈው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ይቻላል። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖቹ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ የሚጫወቱበት ሆኗል፤ በዲኤስቲቪ ሱፐርስፖርት መታየት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ግብ፣ ካርድ፣ ቅያሪና የማዕዘን ምት ከስክሪን ላይ በትክክል ይያዛል። ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል የማይያዘው ከኳስ ውጪ ያለው ነው። የመስመር ተከላካዩ ለምን ቦታው ላይ እንዳልነበረ በቴሌቪዥን አይቶ መፍረድ ከባድ ነው። ይህን ካላዩት ባዶ ይተዉት።

የስክሪኑን ሰዓት እንጂ የስልክዎን አይከተሉ። የሳተላይት ሥርጭት ሰከንዶች ዘግይቶ ስለሚደርስ ጎረቤት በሬዲዮ «ጎል!» ብሎ ሲጮህ እርስዎ ቤት ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ልትሆን ትችላለች። በሬዲዮ ብቻ ሲከታተሉ ግን አስተላላፊው የሚናገረው ደቂቃ አንድ ያህል ሊያጎድል ይችላልና አጠገቡ «ሬ» ብለው ምልክት ያድርጉ።

«በሜዳችን» የሚለው ዓምድ ብዙ ደጋፊ የሚሳሳትበት ነው። ተሰባስቦ በሚደረግ ውድድር ባለሜዳ መባል የስም ነው። ፋሲል ከነማ በሰነድ ባለሜዳ ተብሎ ድሬዳዋ ላይ ቢጫወት የአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ደጋፊም አየርም አብሮት የለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ስለዚህ ከ2013 በፊት የነበረውን የሜዳ ውጤት ከዚያ በኋላ ካለው ጋር በአንድ ዓምድ አይደምሩ። የባለሜዳውን ስም ትተው የከተማውን ስምና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ቡድኑ የት ከተማና በስንት ሰዓት እንደሚዳከም ዓመቱ ሲያልቅ የሚታየው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ተከላካይ ነክቶት የገባ ኳስ የማን ግብ ነው? በመለያ ምት የገባውስ ለአጥቂው ይቆጠራል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ምቱ ወደ ግቡ አቅጣጫ እየሄደ ከነበረና ተከላካዩ ነክቶት መንገዱን ብቻ ከቀየረ አብዛኛው ውድድር ለመቺው ይሰጣል። ወደ ውጪ እየወጣ የነበረን ኳስ ተከላካዩ ወደ መረቡ ካስገባው በራሱ ላይ ያስቆጠረው ነው። በመለያ ምት የገባ ግብ ለማንም አይመዘገብም፤ ጨዋታው በአቻ ተይዞ ያለፈው ቡድን ከጎኑ ይጻፋል። በጨዋታ መሐል የተመታ ፔናሊቲ ግን ሙሉ ግብ ነው።

ጥያቄ፦ ዓመታትን ማወዳደር እፈልጋለሁ፤ ግን 2012ና 2013 ግራ ያጋቡኛል። የፈረንጁ አቆጣጠር ደግሞ ጭራሽ ያደናግረኛል። (ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ በአገራችን አቆጣጠር ይሥሩ፤ ለሊጋችን የሚመቸው እሱ ነው። ፈረንጆቹ «2020/21» የሚሉት ውድድር ለእኛ ሙሉ በሙሉ 2013 ነው፤ በታኅሣሥ ተጀምሮ በግንቦት አለቀ። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣውም በዚሁ ዓመት፣ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ሥር ነው።

አቆጣጠሩ የሚያስቸግረው የአፍሪካ ጨዋታ ላይ ነው። አፄዎቹ በ2011 የኢትዮጵያን ዋንጫ አንሥተው ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲሄዱ ከታንዛኒያው አዛም ጋር የተገናኙት ነሐሴ 2011 ላይ ነበር። 1 ለ 0 አሸነፉ፤ በመልሱ 3 ለ 1 ተሸንፈው ወደቁ። ቀኑ 2011 ቢሆንም ውድድሩ የሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ስለዚህ በ2012 ገጽ ይጻፍና ቀኑ እንዳለ ይቀመጥ። መስከረም 2014 ላይ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር የተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታም ለደብተር ጥሩ ምሳሌ ነው። 2 ለ 2ና 1 ለ 1፣ ሁለቱም አቻ ነው፤ ቡድኑ ግን ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ግብ ሕግ (ድምሩ እኩል ሲሆን በተጋጣሚው ሜዳ ብዙ ያገባው ያልፋል) ወደቀ። «ሽንፈት» ብለው ከጻፉት ስሕተት ነው። ሳይሸነፍ የወደቀ ቡድን ሽንፈት አይጻፍበትም።

2012ን በተመለከተ፣ ሊጉ በኮሮና ምክንያት ተቋርጦ ኋላም ተሰርዟል፤ ሻምፒዮንም ወራጅም የለውም። የተደረጉትን ጨዋታዎች ይመዝግቡ፤ ወደ ጠቅላላው ድምር ግን አያስገቧቸው።

2013 ላይ ደግሞ የተወዳደረው 13 ቡድን ነበር። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፋል፤ እያንዳንዱም 24 ጨዋታ ያደርጋል። ስለዚህ የዚያን ዓመት ነጥብ ከ30 ጨዋታ ነጥብ ጋር ቀጥታ ማስተያየት አይቻልም፤ ለጨዋታ ብዛት ያካፍሉት። በ24 ጨዋታ 48 ነጥብ ያለው ቡድን በአማካይ 2 ነጥብ ይዟል፤ በ30 ጨዋታ 54 ያለው ግን 1.8 ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት ያስቆጠራቸው 29 ግቦች ክብደትም የሚታየው በዚህ ነው፤ ቡድን 24 ጊዜ ብቻ በሚጫወትበት ዓመት 29!

በነገራችን ላይ የቀድሞ ጨዋታዎችን ከሽማግሌ ደጋፊዎች ሲሰበስቡ ይጠንቀቁ። በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም የታየ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሁሉ የፋሲል አይደለም። ዳሸን ቢራ በዚሁ ሜዳ ይጫወት ነበር፤ እሱ በ2008 መጨረሻ ወረደ፤ ፋሲል በ2009 ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከፍተኛ ሊግ አድጎ መጣ።

ጥያቄ፦ የክረምት የሰፈር ውድድር እናዘጋጃለን። በየዓመቱ እኩል ነጥብ ሲመጣ ጠብ ነው። ምን ማድረግ ይሻላል? (ከአዘጋጅ ኮሚቴ)

መልስ፦ ጠቡ የሚመጣው ሕጉ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስለሚመረጥ ነው። በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ ምድብ ውስጥ አዘዞ፣ ማራኪ፣ ፒያሳና ቸቸላ አሉ እንበል፤ ሁለት ያልፋሉ። አዘዞ ማራኪን 2 ለ 1፣ ማራኪ ፒያሳን 1 ለ 0፣ ፒያሳ አዘዞን 3 ለ 1 አሸነፉ። ቸቸላን አዘዞ 6 ለ 0፣ ማራኪና ፒያሳ ደግሞ 2 ለ 0 ረቱት። ሦስቱም 6 ነጥብ አላቸው።

በጠቅላላ የጎል ልዩነት ከሄዱ አዘዞ በ5 አንደኛ፣ ፒያሳ በ3 ሁለተኛ፣ ማራኪ በ2 ሦስተኛ ሆኖ ይወድቃል። በእርስ በርስ ግንኙነት ከሄዱ የቸቸላ ጨዋታ ይወጣል፤ ፒያሳ 1 ትርፍ፣ ማራኪ ዜሮ፣ አዘዞ 1 ዕዳ ይኖራቸዋል። አንደኛ የነበረው አዘዞ ይወድቃል ማለት ነው! ሁለቱም ሕግ በእግር ኳስ የሚሠራበት ነው። የቡድኖቹ አቅም በጣም በሚለያይበት የሰፈር ውድድር ግን የእርስ በርስ ግንኙነትን እንመክራለን፤ ተስፋ በቆረጠ ቡድን ላይ የተከመረ 6 ግብ የሌላውን ዕጣ መወሰን የለበትም። የትኛውንም ቢመርጡ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፈው፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት የቡድን መሪዎቹን በሙሉ ያስፈርሙ። ሁሉም እኩል ቢሆንስ? ለሚለው ዕጣ ወይም የመለያ ምት ብለው ይጻፉ።

ፎርፌ 3 ለ 0 ተብሎ ይመዘገባል፤ ሦስቱ ግብ ግን ለማንም ተጫዋች አይሰጥም። መሐል ላይ ጥሎ የወጣ ቡድን ካለ ወይ ያደረጋቸው ጨዋታዎች በሙሉ ይሰረዛሉ፣ ወይ የቀሩት ፎርፌ ይሆናሉ፤ ይህም ከፊርማው በፊት ይወሰን። ማልያ በሚዋዋሱ ቡድኖች ሁለት 10 ቁጥር መግባቱ የተለመደ ነውና ከጨዋታው በፊት የስም ዝርዝር ይቀበሉ፤ ከቁጥሩ ጎንም የጫማውን ቀለም ይጻፉ።

ጥያቄ፦ የዓመቱን ኮከብ አጥቂ ልንመርጥ ነው። 12 ያገባውና 9 ያገባው እየተወዳደሩ ነው። (የደጋፊዎች ቡድን፣ ከጎንደር)

መልስ፦ የተጫወቱትን ደቂቃ ይደምሩ። በ63ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የወጣ 63፣ የተካው 27 ደቂቃ ይያዝለታል፤ ጭማሪ ደቂቃ አይገባም። ከዚያ ግቡን በ90 አባዝተው ለደቂቃው ያካፍሉ። 12 ግብ በ2,400 ደቂቃ በየጨዋታው 0.45 ነው፤ 9 ግብ በ1,350 ደቂቃ 0.60 ነው። ፔናሊቲን ለይተው ያስሉ፤ ከ12ቱ አምስቱ ፔናሊቲ ከሆኑ በጨዋታ ያገባው 7 ነው። ከ900 ደቂቃ በታች የተጫወተን ግን በዚህ ስሌት አያወዳድሩ፤ ሁለት ግብ ብቻ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እኛ ብንሆን 9 ያገባውን እንመርጥ ነበር። በመጨረሻም ግቦቹ የገቡት ቡድኑ እየመራ፣ እየተመራ ወይስ በአቻ ላይ ሳለ እንደሆነ በቀኙ ገጽ ላይ ስላለ፣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ደብተሩን ከፍታችሁ ቁጠሩ።