ለመናዘዝ ወረቀት አያስፈልግሽም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። አንቺም እንደኔ ካቶሊክ ነሽ፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሽ ወዲህ ኃጢአትሽን ለካህን አልተናዘዝሽም። ከድሮው ቁምስናሽ (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንሽ) ወረቀት ማምጣት አለብኝ ወይ፣ ዓመታት ስላለፉ አባ ይቆጡኛል ወይ ብለሻል። ወረቀቱን እርሺው።

1. ወረቀት የሚጠየቀው ለጋብቻና ለመሳሰለው ነው። ኑዛዜ መዝገብ የለውም። ይህንን የምልሽ የደረሰብኝን ስለማውቅ ነው። እኛም ወደ ቱሉ ዲምቱ እንደወጣን ለፋሲካ ልናዘዝ ብዬ አንድ ቁምስና ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ ወደ ታች እየነዳ «ስምሽ የለም፣ ከነበርሽበት ደብዳቤ አምጪ» አለኝ። ኧረ ለመናዘዝ ብቻ ነው የመጣሁት ብዬ ብነግረው «ሥርዓት ነው» ብሎ ዘጋኝ። ከኋላዬ ጃንጥላ የተደገፉ እናት ነበሩ። እሳቸውንም እንዲሁ መለሳቸው። ምንም ሳይናገሩ ዞረው ሄዱ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእሳቸው ነገር ነው። አባ እኮ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰው እየጠበቁ ተቀምጠው ነበር!

እኔ ግን አልሄድኩም። ሰውዬውን ትቼ ቀጥ ብዬ ገባሁ። አባ ነገሩን ሲሰሙ «ለኑዛዜ ማነው ወረቀት የጠየቀው?» ብለው ደነገጡ። ዛሬ የኑዛዜ ሰዓት በሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ ጨቅጭቄ ነው ያስለጠፍኩት፣ ደግ አደረግኩ።

2. ጎረቤቶችሽ ኦርቶዶክስ ከሆኑ «የንስሐ አባትሽ ማነው?» ይሉሻል። እኛ ጋ በአንድ ካህን አትታሰሪም። ለማናዘዝ ሥልጣን ያለው ማንኛውም የካቶሊክ ካህን ያናዝዝሻል፤ በግእዝ ሥርዓት የሚቀድስ ይሁን በላቲን ለውጥ የለውም። የሰፈርሽን ካህን ካፈርሽ ልደታ ማርያም ካቶሊክ ካቴድራል ድረስ መሄድ መብትሽ ነው። ክፍያ የሚባል ነገርም የለም።

3. ቁጣውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ «ከተናዘዝኩ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኛል» በይ። ከዚያ ከባድ ከባዱን ሳትደብቂ ተናገሪ። ቤተ ክርስቲያን ከባድ ኃጢአትን ቢያንስ በዓመት አንዴ ተናዘዙ ትላለች፣ ስለዚህ ዓመታቱም ራሳቸው የሚነገሩ ናቸው። ከልብሽ ረስተሽ የቀረ ካለ ከሌላው ጋር ይሰረይልሻል፤ ሲታወስሽ በሚቀጥለው ትናገሪዋለሽ። አውቀሽ የደበቅሽ እንደሆነ ግን ኑዛዜው ኑዛዜ አይሆንም። የነገርሻቸውን አባ ለባልሽም፣ ለፖሊስም፣ ለጳጳሱም አይናገሩም። ሕይወታቸውን ለማዳን እንኳን አይፈቀድላቸውም። ምሥጢሩን በቀጥታ የገለጠ ካህን ከቤተ ክርስቲያን ይወገዛል።

እኔን አባ አልተቆጡኝም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ቃል ሲጠፋኝ ዝም ብለው ጠበቁኝ። ለቀኖና መዝሙረ ዳዊት 50ን እንድጸልይ ሰጡኝ። ከተጣላኋት ዘመዴ ጋር እንድታረቅም ነገሩኝ፣ እሱ ነው የከበደኝ። ግን ታረቅን፣ ለፋሲካ እኛ ቤት ነበረች።

የሰሙነ ሕማማትን ሰልፍ አትጠብቂ። በአዘቦት እሑድ ከቅዳሴ በፊት ቀደም ብለሽ ድረሺ። ቢሮ ያለ ሰው ደብዳቤ አምጪ ቢልሽ «አባን ነው የምፈልገው» በይውና እለፊ።