አስሙ የሚነሳው በጉንፋን ነው፤ ታዲያ ለምን አለርጂ ይሉታል?

ሰላም እህቴ። «የልጄ አስም የሚነሳው ጉንፋን ሲይዘው ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ግን አለርጂ ነው ይላል። ቫይረስ ነው ወይስ አለርጂ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ጥያቄ ሦስት ዓመት ተንገላትቻለሁ። ሁለቱም ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆነው አፍንጫው ይዘጋል። በማግስቱ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ፒጃማውን ገልጬ ሳየው በጎድን አጥንቶቹ መሃል ያለው ቆዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከዚያ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። አንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሰጥቶናል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም።

በኋላ ያገኘናት የአለርጂ ሐኪም ወረቀት አውጥታ እየሳለች አስረዳችኝ። አለርጂ ያለበት ልጅ ሰውነት አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ይሠራል። አይጂኢ ማስት ሴል በሚባሉት ህዋሳት ላይ ይለጠፋል። የእነዚህ ህዋሳት ሆድ ሂስታሚን በሚባል የመተንፈሻ ቧንቧን በሚያጠብ ኬሚካል የተሞላ ነው። ጉንፋን በብዛት የሚያመጣው ራይኖቫይረስ ደግሞ ዋና ማረፊያው የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶቹ አይካም 1 የሚባል ፕሮቲንን ይዘው ነው የሚገቡት። ይሄ ፕሮቲን ማስት ሴል ላይም አለ፤ ቫይረሱ እዚያም ገብቶ ሲራባ በላብራቶሪ ታይቷል። የተጎዳው ሽፋን ራሱ የአለርጂ ህዋሳትን የሚቀሰቅስ መልእክት ይለቃል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቫይረስ ሲገባ ቀድመው ኡኡ የሚሉ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ህዋሳት አሉን። ኡኡታቸው ኢንተርፌሮን የሚባል፣ ቫይረሱ እንዳይራባ የሚከላከል ፕሮቲን ነው። አይጂኢ እነሱም ላይ ይለጠፋል፤ አለርጂው ሲነሳባቸው የሚያወጡት ኢንተርፌሮን ይቀንሳል። ቫይረሱ ሰው ሳይነቃበት ይራባል ማለት ነው። ይህን ስሰማ ልጄ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አንድ ጉንፋን ይዞት እሱ ብቻ ለምን ሆስፒታል እንደሚገባ ገባኝ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በክረምት እረፍቱ፣ ጉንፋኑ ሳይመጣ ነው። ድሮ ሐምሌ ላይ ደህና ሲሆንልኝ የየዕለቱን የሚሳብ መድኃኒት አቆምበት ነበር። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነበር። አሁን አናቋርጥም፤ የሚስበውም በስፔሰር ነው፤ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ሳንባ እንዲገባ መሳቢያው ላይ የሚገጠም ቱቦ ነው። አለርጂው የአቧራ ስለሆነ ፍራሹንና ትራሱን በአቧራ መከላከያ ሸፈንን፤ አንሶላውን በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። ኦማሊዙማብ የሚባለውን መርፌም ጀመረ። መርፌው አይጂኢን ህዋሳቱ ላይ ሳይለጠፍ በፊት ይይዘዋል። በ2011 እዚህ አሜሪካ በወጣ ጥናት፣ አስማቸው የተነሳባቸው፣ መርፌውን ካልወሰዱት ልጆች መካከል 48.8 በመቶ፣ ከወሰዱት መካከል 30.3 በመቶ ነበሩ። ውድ ነው፤ ለሁሉም ልጅም አይታዘዝም።

ባለፈው መስከረም ጉንፋን ያዘው። አራት ቀን አሳለው፣ ግን አልጋው ላይ ተኝቶ አነጋ።

ሐኪሙን የአይጂኢ ምርመራ ይደረግለት እንደሆነ ጠይቂው። የጎድን አጥንቱ መሃል ሲሰረጉድ ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ፣ ይዘሽው ውጪ።